እሜቴና ሙሽሪት

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6

ወንድሜ ዛሬ "እሜቴን እንሽጣት" አለ። እንዲሁ፣ ሻዩን እያማሰለ፣ የተቀደደ ጫማ እንጣል እንደሚል ሰው። እሜቴ መኪናችን ናት፤ አፍንጫዋ ወደ ፊት የወጣ የድሮ ከባድ መኪና፣ ከኋላዋ ተሳቢ ታስሮላት ከጡብ ፋብሪካው ጡብ ስታመላልስ ሠላሳ አራት ዓመት የሞላት። ስሙን ያወጣላት አባባ ነው። እሱ ስምንት ዓመት ነዳት፣ ሃያ ስድስቱን እኔ።

"ጋሼ፣ ፋብሪካው ከሐምሌ ጀምሮ በቀን ሁለት ምልልስ ካልሆነ ውል አላድስም ብሏል። እሷ ደግሞ ከአንድ አታልፍም" አለኝ።

"አንተ ስለምታጣድፋት ነው።"

"ኧረ ጋሼ! ዳገቱን በእግሬ ብወጣው እቀድማታለሁ እኮ!"

እሱ ሳቀ። አባባ ሲሞት ይሄ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። የጫማውን ክር የማስርለት፣ ትምህርት ቤት የማደርሰው፣ ንፍጡን የምጠርግለት እኔ ነበርኩ። ዛሬ ስለ መኪና ሊያስተምረኝ ተነሳ። ይሁን።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8

ራዲያተሩ ዳገቱ ላይ ፈላ። ሁለት ሰዓት ቆምን። ወንድሜ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 11

ዛሬም ተጨቃጨቅን። በቱቦ።

ጽፌው ይውጣልኝ። ከመኪናው ወደ ተሳቢው ሁለት የአየር ቱቦዎች ያልፋሉ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ። ተሳቢው ፍሬን የሚይዘው በእነሱ ነው። በሌላው ዓለም ሁሉ ቀይ ከቀይ፣ ሰማያዊ ከሰማያዊ ይታሰራል። አባባ ግን አንድ ጊዜ መንገድ ላይ ቧንቧ ተሰብሮበት፣ በቸገረው ሲቀጥል አቀያይሮት ቀረ። ስለዚህ እሜቴ ላይ ቀዩ የሚገባው ከሰማያዊው፣ ሰማያዊው ከቀዩ ነው። እንደሰው ቀይ ከቀይ ካሰርክ ተሳቢው ፍሬን የለውም።

"እባክህ ይሄን ነገር እናስተካክለው" አለኝ ወንድሜ። "የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አንድ ቀን ሰው ይጨርሳል።"

"እስከ ዛሬ ማንን ጨረሰ?"

"እኔና አንተ ስለምናውቀው ነዋ!"

"እኔና አንተ ካወቅነው ሌላ ማን ቀረ?"

አባባ ያሰረውን አልፈታም። ይሄን ቁርጥ አድርጌ ነገርኩት። ግትር ሰው እንደሚታይ አድርጎ አየኝ። ግትር ነኝ፣ ምን ይጠበስ?

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 21

መኪና ሻጩ ጋ ሄድን። አዲሷ ግቢው መሃል ቆማለች፤ ነጭ፣ ፊቷ ጠፍጣፋ፣ ታጥባ ተወልውላ። "ሙሽሪት" አልኳት። ለስድብ ነበር ያልኩት፤ ወንድሜ ወደደውና ስሟ ሆኖ ቀረ።

መሪዋ ላይ ብቻ አሥራ ስምንት ቁልፍ ቆጠርኩ። ከፊት እንደ ቴሌቪዥን ያለ ስክሪን አለ። ሻጩ ሽቶ በሽቶ የሆነ ወጣት ነው። "አባት፣ ይሞክሯት" አለኝና አጠገቤ ተቀመጠ። አባት! ማርሿን ራሷ እንደምትቀይር፣ ፍሪሲዮን እንደሌላት አልነገረኝም። ወይም ነግሮኛል፣ እኔ አልሰማሁትም። ግራ እግሬ እንደልማዱ ፍሪሲዮን ፍለጋ ወርዶ ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠው። መኪናዋ ቀጥ አለች። ሻጩ ግንባሩን ከመስታወቱ ጋር አጋጨ። ውጪ የቆሙት መካኒኮች በሳቅ ፈረሱ። ወንድሜም ሳቀ፤ ፊቴን ሲያይ ነው አፉን በእጁ የያዘው።

"የመጀመሪያ ቀን ሁሉም ሰው እንዲህ ነው አባት" ይለኛል ሻጩ፣ ግንባሩን እያሸ።

ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ከመንዳት በቀር የሠራሁት ነገር የለም። ወረድኩና ቦታውን ለወንድሜ ለቀቅኩለት። እሱ ሁለት ዙር ዞረ፣ ወደ ኋላ ሰጥቶ በአንድ ሙከራ መስመሯ ውስጥ አቆማት። እንኳን ደስ ያለህ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 26

ባለቤቴ ጓዳ ሆና ከእህቷ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማኋት። "እሱ እኮ መኪናዋን አይደለም የጠላው። ልጁ መሪ ሲይዝ ማየት ነው ያቃተው" አለች።

አሳልኩ። ስልኩን ዘጋች። ምሳ ላይ ጨው በዝቷል ብዬ ተቆጣኋት። ጨው አልበዛም ነበር።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 30

መካኒካችንን ሰፈሩ ሁሉ "ሊቁ" ይለዋል፤ መልስ የሌለው ነገር የለም። ከእኔ ጋር ይቆማል ብዬ ወንድሜን ይዤው ሄድኩ።

"ቁርጡን ንገረን። ተሳቢ ለመጎተት የትኛዋ ትሻላለች?" አልኩት።

እጁን በጨርቅ እየጠረገ አሰበ። "እሜቴ ብትቆም ሽቦና ፒንሳ ይበቃታል። የትም ሜዳ ላይ አስነሳታለሁ። ሙሽሪት ከቆመች ኮምፒውተር የያዘ ሰው እስኪመጣ ድንኳን ተክለህ ትጠብቃለህ። ግን…"

"ግኑን ተወው።"

"ግኑን ንገረው" አለ ወንድሜ።

"ግን ሙሽሪትን ቁልቁለት ላይ ሞተሯ ራሱ ይይዛታል። ዳገት ላይ አትለምንህም። እሜቴ ደግሞ፣ ልዋሽህ አልችልም፣ ቻሲሷ ሁለት ቦታ ተበይዷል። ሦስተኛውን እኔ አልበይድም። በሰው ነፍስ አልጫወትም።"

ከሃዲ። ስንት ዓመት ያበላችው እሜቴ ናት።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

እሜቴን የሚገዛ ሰው መጣ። የእንግዳ ማረፊያ አለው። ጎማዋን አላየም፣ ሞተሯን አላስነሳም፣ ዙሪያዋን እየዞረ ፎቶ ብቻ ያነሳል። "እንዲህ ዓይነት ክላሲክ ከየት ይገኛል! በማረፊያዬ በር ላይ አቆማትና የጭነት ሳጥኗ ላይ አበባ እተክልባታለሁ" አለ።

አበባ! ደሜ ፈላ። "ሰውዬ፣ አበባ የምትተክልበት መሬት አጣህ?" አልኩት። ወንድሜ ክንዴን ይዞ ወደ ጎን ወሰደኝ።

"ጋሼ፣ በናትህ አታሳፍረኝ።"

እኔ አሳፋሪ ሆንኩ። ጎሽ።

ሲመሽ ወንድሜ ቤቴ ተመልሶ መጣ። አልገባም፤ በሩን ተደግፎ ቆመ። "ሻጩ ሙሽሪትን ለሦስት ቀን በራሳችን ተሳቢ እንድንሞክራት ፈቅዷል። ሦስቱን ቀን አብረን እንሥራባት። አንተ ካልወደድካት በቃ፣ ሁለተኛ አላነሳብህም። የሚወስነው ያንተ ቃል ነው።"

"የኔ ቃል ብቻ?"

"ያንተ ብቻ ጋሼ። መቼ ካንተ አልፌ አውቃለሁ?"

እሺ አልኩት። ሦስት ቀን ታግሼ እምቢ ማለት ነው፣ ሌላ ምን አለው?

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ሙሽሪት ግቢያችን ገባች። የቱቦዎቿ መግጠሚያዎች ቀይ ከቀይ ካልሆነ እንዳይገቡ ትንንሽ ጥርስ አላቸው። የእኛ ተሳቢ አሮጌ ስለሆነ ጭራሽ አልገጥም አለ። ሊቁ ጥርሶቹን በሞረድ አነሳቸው።

"አሁን ማንኛውም ከማንኛውም ይገባል። ስለዚህ ቀለም ማየት የእናንተ ፋንታ ነው። እሜቴ ላይ የለመዳችሁትን እርሱት፤ እዚህ ቀይ ከቀይ!" አለን።

ሰምቻለሁ። ሁለታችንም ሰምተናል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ሁለት ምልልስ፣ ያውም በጊዜ ገባን። ቱቦውን ወንድሜ ነው ያሰረው። ዳገቱን ስትወጣ ሻይ በእጅህ ብትይዝ አይደፋም። ወንድሜ እያፏጨ ይነዳል፣ እኔ በመስኮት ውጪ ውጪውን አያለሁ።

ወንበሩ ይመቻል። ወገቤን አላመመኝም። ይሄን ለማንም አልናገርም።

ዓርብ፣ ግንቦት 15

የፋብሪካው ዘበኛ ከጋቢናው ወርጄ ጎማ ሥር ድንጋይ ሳደርግ አየኝና "ምነው ጋሼ፣ ዛሬ ረዳት ሆኑ እንዴ?" አለ። በክፋት አይደለም፤ ሰውየው ደግ ነው። ጫኞቹ ሁሉ ሳቁ። ክው አልኩ። ወንድሜ ፈጠን ብሎ "ረዳት አይደለም፣ አለቃዬ ነው!" አለ። ያባሰብኝ እሱ ነው። አዘነልኝ እኮ።

ነገ የመጨረሻው ቀን ነው። ማታ ቃሌን መስጠት አለብኝ። ቀኑን ሙሉ እምቢ የምልበት ምክንያት ስፈልግ ዋልኩ፤ አንድም አላገኘሁ። ሁሉ ነገሯ ጥሩ ነው። ንድድ ያደረገኝም ይሄው ነው።

ነገ እሜቴን ይዤ ከኋላህ እከተላለሁ አልኩት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16። ሆስፒታል፣ ኮሪደር

ወንድሜ ቀዶ ጥገና ክፍል ገብቷል። እግሩ ነው። ሌላ የተጎዳ ሰው የለም።

ቁልቁለቱ ላይ። ሙሽሪት ፍሬን ያዘች፣ ተሳቢው አልያዘም። ገፋት። ከኋላ ሆኜ አየሁት። ተሳቢው ወደ ጎን ዞረ፣ ጋቢናውን ከድንጋዩ ግድግዳ ጋር አጣበቀው። ጡቡ ተዘረገፈ።

ሮጥኩ። በቀጥታ ወደ ጋቢናው ነው የሮጥኩት። ወንድሜ ራሱን ስቶ ነበር፣ ድምፅ አልነበረውም።

ፋብሪካው ውስጥ ቱቦውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ተሳቢው ተፈትቶ ሲጫን ቆይቶ፣ ወንድሜ ቢሮ ገብቶ ሰነድ ሲያስፈርም "ጋሼ፣ አንተ እሰርልኝ" አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ያሰርኩት ነው። እጄ ያውቀዋል።

በቀጥታ ወደ ጋቢናው።

እሑድ፣ ግንቦት 17

እንቅልፍ የለም። ቤቱ ጭጭ ብሏል፤ ባለቤቴ የተኛች መስላ ታዳምጠኛለች።

አስቤ አይደለም። ፈጣሪዬ ፊት ብቆምም የምለው ይሄንኑ ነው። እጄ ለምዶ፣ ቀዩን ወስዶ ሰማያዊው ላይ ከተተው፣ አለቀ። እዚያ ቦታ አባባም ቢሆን እንደዚያ ያደርግ ነበር። ወንድሜም ሰው ቢያጣድፈው ያደርገው ነበር። ይሄ የእኛ ቤት ስህተት ነው፤ ሌላ ሹፌር ቢፈልግም አይሳሳተው። አስተካክለው ሲለኝ ብሰማው ኖሮ እጄ ይሄን መች ይለምድ ነበር?

ቀለሙን አይቼዋለሁ ወይ? ሁለተኛውን ስገጥም ትንሽ ቆም ብዬ ነበር። ለምን ቆም እንዳልኩ አላስታውስም። ዘበኛው በዚያ በኩል እያለፈ ነበር፤ ሰላም አለኝ። ከዚያ ገጠምኩት።

ረፋድ ላይ የወንድሜ ሚስት ኮሪደሩ ላይ እጄን ይዛ አለቀሰች። "ጋሼ፣ እርስዎ ከኋላ ባይኖሩ ማን ያወጣው ነበር? ያቺን መኪና ገና ሲያመጣት ሆዴ ፈርቶ ነበር። እርስዎ ልክ ነበሩ።"

"ነግሬው ነበር እኮ" አልኳት።

ምላሴ ይቆረጥ። ግን አልኩት።

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

መርማሪዎቹ መጡ። የተሳቢው ፍሬን የአየር ጋን ባዶ ነው፣ ቱቦዎቹም ተነቅለው ነው የተገኙት አሉኝ። "አደጋው ነቅሏቸው ይሆናል" አልኩ። አንደኛው ጻፈው። ያሰረው ማን ነው ብሎ አልጠየቀኝም፤ ሹፌሩ ሲነቃ ከእሱ እንሰማለን አለ።

ሻጩም መጥቶ ነበር። ሽቶም የለው፣ ፊቱ አመድ መስሏል። አለቆቹ መኪናዋን ያለ ፈቃድ አውጥተህ ሰጠህ ብለው ከሥራ አግደውታል። ፈቃድማ ነበረው፤ አሁን የሚመሰክርለት ጠፋ እንጂ። "አባት፣ ምን ሆና ነው? እርስዎ ከኋላ ነበሩ፣ ምን አዩ?" አለኝ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

"እኔ ምን አውቃለሁ? ስክሪኗን ጠይቃት" አልኩት።

ሰኞ፣ ግንቦት 25

እሜቴን ያለ ተሳቢ ይዤ ሥራ ጀመርኩ። ፋብሪካው አዝኖልን ውሉን እስከ ዓመት አራዝሞታል፤ በቀን አንድ ምልልስም ይበቃል አሉ። አበባ ተካዩን ሰውዬ አትምጣ አልኩት።

የምገባበት ሁሉ የሚሉኝ አንድ ነው። ዘበኛው፣ ጫኞቹ፣ ጎሚስታው፦ "የድሮ ዕቃ እኮ ሌላ ነው። እርስዎ ነግረዋቸው ነበር።" ለዚህ ቃል አይደል ወር ሙሉ የታገልኩት? አሁን ሲሉኝ የምገባበት ይጠፋኛል።

ሊቁ ብቻ እንዲህ አላለኝም። ዘይት እየቀየረ፣ ቀና ሳይል፣ "ያን ቀን ቱቦውን ማን ነው ያሰረው?" አለኝ።

"ወንድሜ ነዋ። ሁልጊዜ እሱ አይደል?"

"እህ" አለ። ሒሳብ ስሰጠው እጄን ሳያይ ተቀበለኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 28

ለምስክርነት መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ተጠራሁ። ጠረጴዛው ላይ የወንድሜ ቃል ተዘርግቷል፤ ሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ የሰጠው። ኃላፊዋ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። "ቱቦዎቹን ያሰርኩት እኔ ነኝ። በአሮጌው መኪና ልማድ አቀያይሬ አሰርኳቸው። መኪናዋ ምንም ችግር አልነበረባትም። የሸጠልን ልጅም ጥፋት የለበትም።"

መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ስም አላውቅለትም።

"ወንድምዎ ቅን ሰው ናቸው። ስንቱ ነው በመኪናው የሚያላክከው" አለች ኃላፊዋ። መንጃ ፈቃዱ ይሰረዛል። ከሥር ባለው መስመር ላይ "ቃሉ ትክክል ለመሆኑ" ይላል፣ ምስክር።

ብዕሩ አልሠራ አለኝ። ሌላ ሰጠችኝ። ፈረምኩ።

ሰኞ፣ ሰኔ 2

ወንድሜ ከሆስፒታል ወጥቷል። እሱን ሳላይ ሦስት ቀን ቆየሁ፤ ሥራ ነበረብኝ። ዛሬ ልነግረው ሄድኩ። ምን ልነግረው እንደሆነ ግን መንገዱን ሁሉ አላወቅኩም።

ሚስቱ በሩን ከፈተች። "ግባ። እየጠበቀህ ነው" አለችኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ "እርስዎ" ስትለኝ ኖራለች። ልጆቹን እየነዳች ወደ ጓሮ ወጣች።

አልጋው ላይ ተደግፎ ተቀምጧል። የሱሪው አንድ እግር ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ከስቷል። ምን አለፋህ፣ አባባን መስሏል።

"ለምን እኔ ነኝ አልክ?" አልኩት።

"እኔ እንደሆንኩ ከእንግዲህ አልነዳም። ያንተም ፈቃድ ከተሰረዘ ሁለት ቤት ምን ሊበላ ነው? አንተ ትነዳለህ፣ ለልጆቼ በየወሩ ትሰጣለህ። በቃ።"

"አስቤ አይደለም። እጄ ነው። ልማድ…"

"አውቃለሁ ጋሼ። ልማድ መሆኑን መች አጣሁት? እኔም ሐሙስ ዕለት ልሳሳት ምንም አልቀረኝም ነበር። እሱን ይቅር ብዬሃለሁ።"

ማልቀስ ጀመርኩ። የአልጋውን ጫፍ ይዤ፣ እንደ ሕፃን። እጁን የሚዘረጋልኝ መስሎኝ ጠበቅኩ። እጁን አልዘረጋም።

"የግራው ስፖኪዮ መስታወት አልተሰበረም ነበር" አለ። ድምፁ ዝግ ያለ ነው፣ ቁጣ የለበትም። "እግሬ ተይዟል፣ አንገቴ ግን ይዞራል። ከእሜቴ ወርደህ ስትሮጥ አየሁህ። ወንድሜ ደረሰልኝ አልኩ። ከዚያ መሃል ላይ ቆምክ። ጎንበስ ብለህ ቱቦዎቹን ስትነቅል አየሁህ።"

የአልጋውን ጫፍ ለቀቅኩት።

"አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ስጠራህ ሰምተኸኛል?"

"አልሰማሁህም" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና "እሺ። ሂድ በቃ፣ ነገ ሥራ አለህ። ብሩን ለእሷ ስጣት፤ አንተ እዚህ አትምጣብኝ" አለኝ።

ወጥቼ ወደ ቤት መጣሁ፣ እራት ቀረበልኝ፣ በላሁ። አሁን ማንም አያየኝም፤ እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ።

ሰምቼዋለሁ። ሁለት ጊዜ ነው የጠራኝ። መጀመሪያ "ጋሼ!" ሲለኝ ቀዩን ነቀልኩ። ሁለተኛ ሲጠራኝ ሰማያዊው እምቢ ብሎኝ እየታገልኩ ነበር።